መዝገቡ ይነበብ

አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለዋል። ንጋት በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ እውነት ግን መስኮቱን የሚከፍትለት ሰው ይሻል።

በልጅነቴ አባቴ ወደ እድር ስብሰባ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ጸሐፊው ተነሥቶ የገባውንና የወጣውን ገንዘብ ጮክ ብሎ ያነብባል፤ ገንዘብ ያዡም ተጠየቅሁ ብሎ ሲቆጣ አላየሁም። ለእድር ሳንቲም የተገባው ሥርዓት ለሕዝብ ግምጃ ቤት ስለ ምን አይገባም?

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከጠየቁት መካከል በሕንድ አገር የራጃስታን ድኾች ይገኛሉ። በመንግሥት ሥራ ላይ አፈር ሲቆፍሩና ድንጋይ ሲሸከሙ ውለው ሕግ የወሰነውን የቀን ሒሳብ አያገኙም ነበር። ቢያመለክቱ «በመዝገቡ የተጻፈው ሥራችሁ ይህን አይሞላም» ይባላሉ፤ መዝገቡን እንይ ቢሉ «ምሥጢር ነው» ይባላሉ።

በ1990 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) የሠራተኞችና የገበሬዎች ማኅበር አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ አንዷ አሩና ሮይ በ1975 ከፍ ያለ የመንግሥት ሥራዋን የተወች ሴት ናት። ከ1994 መጨረሻ ጀምሮ ማኅበሩ ያገኘውን የሒሳብ ወረቀት በመንደር አደባባይ ያነብ ጀመር። ስም ሲጠራ አንዱ «እኔ በዚያ ሥራ አልዋልኩም» ይላል፤ ሌላው «እርሱ ከሞተ ቆይቷል» ይላል። ማንበብ የማይችለው ሰው እንኳ ከዚያ ወዲያ መዝገብ ማለት እንጀራ ማለት መሆኑን ተረዳ። በ1996 በቤአዋር ከተማ 40 ቀን ተቀመጡ፤ ገበሬው እህል፣ የገበያ ሰው አትክልት እየሰጠ አበላቸው። ጩኸታቸውም «ገንዘቡ የእኛ ነው፤ ሒሳቡም የእኛ ነው» የሚል ነበር። የራጃስታን ሕግ በ2000፣ የመላው ሕንድ ሕግ በ2005 ወጣ። በእውነት ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል።

ነገር ግን መዝገብ ብቻውን አይናገርም፤ ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። ሳትየንድራ ዱቤ የተባለ የመንገድ መሐንዲስ በሥራው ያየውን ጉቦና ማጭበርበር ስሙ እንዲሰወርለት እየለመነ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጻፈ። ደብዳቤው ግን ከነስሙ ከቢሮ ቢሮ ዞረ። በኅዳር 2003 በጋያ ከተማ ተገደለ። ፍርድ ቤት ገዳዮቹ ወንበዴዎች ናቸው ብሎ ቢፈርድም፣ ሕዝቡ ስሙ መገለጡን ይቅር አላለም። በ2004 መንግሥት ጥቆማ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ሠየመ፤ የጠቋሚዎች ጥበቃ ሕግም በ2014 ጸደቀ። ሆኖም ሥራ ላይ የሚያውለው ማስታወቂያ ለዓመታት ሳይወጣ ቆየ።

እኔም የምናዘዘው አለኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ አንድ ባልደረባዬ የሐሰት ደረሰኝ አይቶ ተናገረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምሳ የሚጠራው ጠፋ። እኔም ደረሰኙን አይቼው ነበር፤ ልጆቼን አስቤ ዝም አልሁ። ዛሬ ሳስበው፣ እርሱን ብቻውን ያስቀረው አለቃው ሳይሆን የእኔ ዝምታ ነው።

በአገራችንም የመረጃ ነፃነት በአዋጅ ቁጥር 590/2000፣ የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ በአዋጅ ቁጥር 699/2003 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታውጀዋል። አዋጅ ግን ሕዝብ ሲያውቀውና ሲጠይቅበት ነው የሚሠራው። የራጃስታን ሰዎች ሕጉን ሳያገኙ ጥያቄውን ለመዱ፤ እኛ ሕጉን ይዘን ጥያቄውን አልለመድንም።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከእድርህ፣ ከልጅህ ትምህርት ቤት፣ ከቀበሌህ ጀምር። ሒሳቡ ይነበብ በል። የሚናገረውንም ሰው ለምሳ ጥራው።