ጢስ እና ዕድሜ፦ የአየር ብክለት በደሴ እና ኮምቦልቻ

የአየር ብክለት ሲነሳ ብዙዎች የሚያስቡት የታላላቅ ከተሞችን የመኪና ጢስ እና የፋብሪካ ጭስ ማውጫን ነው። በደቡብ ወሎ ግን በገበሬው ማጀት የሚነደው ኩበትም፣ በሐረጎ ዳገት የሚያቃስተው የጭነት መኪናም ሳንባን የሚጎዳ ደቃቅ ብናኝ ይለቃሉ። ይህ ጽሑፍ ብክለቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ጤናን እንዴት እንደሚጎዳ፣ ዕድሜንም እንዴት እንደሚያሳጥር ያብራራል።

አደገኛው ብናኝ

በዓይን የሚታየው አቧራ አብዛኛው በአፍንጫ እና በጉሮሮ ይያዛል። ይበልጥ የሚያሰጋው ውፍረቱ ከ2 ነጥብ 5 ማይክሮ ሜትር ያልበለጠው ብናኝ ሲኾን ከሰው ፀጉር 30 ጊዜ ያህል ይቀጥናል። እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበት፣ ናፍጣ እና ቆሻሻ ሲቃጠሉ ይፈጠራል። ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ዘልቆ ከደም ጋር ስለሚቀላቀል ጉዳቱ በመተንፈሻ አካል ብቻ አይወሰንም፤ ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክ፣ ለሳንባ ካንሰር እና ለማይድን የሳንባ መጥበብ ያጋልጣል። በነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ደግሞ ክብደቱ ዝቅተኛ የኾነ ሕጻን የመውለድ ዕድልን ይጨምራል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 (እ.ኤ.አ) ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ መክሮ ነበር። ዝቅተኛ ብክለትም እንደሚጎዳ የሚያሳዩ ጥናቶች በመበራከታቸው በ2021 ወሰኑን ወደ 5 ዝቅ አድርጎታል።

ሸለቆው እና ዳገቱ

ኮምቦልቻ በቦርከና ወንዝ ሸለቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ1 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ የቆዳ እና የቢራ ፋብሪካዎች፣ ደረቅ ወደብ እንዲሁም በ2009 ዓ.ም የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ደሴ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ሁለቱን የሚያገናኘው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። የተጫነ መኪና በዝቅተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ጢሱም በዚያው ልክ ይበዛል።

መልክዓ ምድሩም የራሱ ድርሻ አለው። በበጋ ወራት ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት ሌሊት ምድር ፈጥና ትቀዘቅዛለች። ቀዝቃዛው አየር ከባድ በመኾኑ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ከበላዩ ያለው ሞቃት አየር እንደ ክዳን ይደፍነዋል። የማታው እና የማለዳው ጢስ ወደ ላይ መውጣት ተስኖት ፀሐይ ምድርን እስክታሞቅ ድረስ በሰፈር ላይ ተኝቶ ይቆያል። በታኅሣሥ 1952 (እ.ኤ.አ) ለንደን ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የገደለው ጢስ በከተማዋ ላይ ለቀናት ታምቆ የቆየው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

የማጀቱ ጢስ

አብዛኛው የኢትዮጵያ ቤተሰብ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በአገዳ ነው። እንጀራ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር ከምድጃው የማይርቁት እናት፣ ሴት ልጅ እና የታዘለው ሕጻን ናቸው። በ2024 የወጣው የዓለም የአየር ሁኔታ ሪፖርት እንደሚያመለክተው በ2021 (እ.ኤ.አ) በዓለም 8 ነጥብ 1 ሚሊዮን ሰዎች ከአየር ብክለት ጋር በተያያዘ ሕይወታቸው አልፏል። ከእነዚህ ከ700 ሺህ በላይ የሚኾኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕጻናት ናቸው፤ 500 ሺህ ገደማ የሚኾነው የሕጻናት ሞት ደግሞ በአብዛኛው በአፍሪካ እና በእስያ ከማብሰያ ጢስ ጋር የተያያዘ ነው።

ዕድሜን እንዴት ያሳጥራል?

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባዘጋጁት መለኪያ መሠረት ሰዎች ለረጅም ጊዜ በሚተነፍሱት አየር ውስጥ ብናኙ በ10 ማይክሮ ግራም ሲጨምር አማካይ የሕይወት ዘመን በአንድ ዓመት ገደማ ይቀንሳል። ለምሳሌ የአንድ አካባቢ ዓመታዊ አማካይ 25 ማይክሮ ግራም ቢኾን፣ ከተመከረው 5 በ20 ስለሚበልጥ ነዋሪው በአማካይ ሁለት ዓመት ያህል ያጣል ማለት ነው። ይህ የሕዝብ አማካይ ነው። ጉዳቱ በሁሉም ላይ እኩል አይደርስም፤ አንዱ ብዙ ዓመት ሲያጣ ሌላው ጥቂት ሊያጣ ይችላል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ምርጥ ምጣድ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጢሱን ግን ፈጽሞ አያስቀርም፤ ስለዚህ ማጀቱ ጢስ ማውጫ እና መስኮት ሊኖረው፣ እንጨቱም በደንብ የደረቀ ሊኾን ይገባል። መብራት ባለበት የኤሌክትሪክ ምድጃ የተሻለ ነው። ከማገዶ የተረፈው ኩበት እና የማሽላ አገዳ ወደ ማሳ ሲመለስ አፈሩን ያዳብራል፤ ገበሬው በጤናውም በምርቱም ይጠቀማል።

በከተማ ፕላስቲክ እና ቆሻሻን በየደጁ አለማቃጠል፣ የተሽከርካሪን ሞተር በወቅቱ ማስመርመር፣ የማለዳ ስፖርትንም ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ማድረግ ይመከራል። በደሴ ብርድ ለማሞቂያ ተብሎ ከሰል ማንደድ የተለመደ ነው። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ግን ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚለቅ በአንድ ሌሊት ሊገድል ይችላል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ በፍጥነት የሚተነፍስ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ሕጻን ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

የፋብሪካ እና የመንገድ ብክለት ግን በግለሰብ ጥንቃቄ ብቻ የሚፈታ አይደለም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በኾነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም በካይ ድርጅቶችን ተጠያቂ ያደርጋል። ነዋሪው በሰፈሩ የሚያየውን ብክለት ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል። ቅሬታው የደረሰበትን ቀን፣ ሰዓት እና ቦታ መዝግቦ ማቅረብ ደግሞ ለማጣራት ሥራው ያግዛል።