ጢስ፣ አየርና ከፍታ፦ የቤት ንብረትን ከክረምት እርጥበት የመጠበቅ ታሪክ



የታሪክ መምህር ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ውል ሲናገር እንጂ ስለ ሻጋታ ሲናገር መስማት አልተለመደም። ይሁን እንጂ ነገሥታቱንም ሆነ ውሉን በአብዛኛው የምናውቀው ከሻጋታ በተረፈ ብራናና ወረቀት ነው። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ አያቶቻችን ንብረታቸውን በየዓመቱ ከሚመጣው ክረምት እንዴት ያተርፉ ነበር? ያ ዕውቀትስ በምን ምክንያት ተቋረጠ?

አገራችን በሐሩር ክልል ውስጥ ትገኛለች። ደጋውን ከፍታው ቢያቀዘቅዘውም ከዝናብ አላዳነውም። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ስታገኝ፣ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሻጋታ ለመብቀል ጎርፍ አያስፈልገውም፤ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ሆኖ ከሰነበተ ይበቃዋል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል የውሃ ተን ሊይዝ ይችላል፤ በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ቀን ደረቅ የመሰለን አየር፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ትርፉን ውሃ በቀዝቃዛ ነገር ላይ ያራግፋል።

ነባሩ የደጋ ጎጆ ለዚህ ሦስት መልስ ነበረው። የመጀመሪያው እሳት ነው። ምድጃው አየሩን በማሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱን ይቀንሳል፤ ጢሱም በሣር ክዳኑ መካከል እየሠረገ ሲወጣ ሻጋታንና ተባይን የሚያርቅ ጥላሸት በእንጨቱ፣ በቆዳውና በገመዱ ላይ ይተዋል። የወተት ዕቃንና ጋንን በወይራ ማጠንም የዚሁ ዕውቀት ወገን ነው። ሁለተኛው አየር ነው። በጭቃና በጭድ የተመረገ ግድግዳ እርጥበትን ይመጥጣል፤ አየሩ ሲደርቅም መልሶ ይለቃል። ሦስተኛው ከፍታ ነው። ጎተራው በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ይቆማል፤ ልብስና ኮርቻ ይሰቀላል፤ መኝታም በመደብ ወይም በጠፍር አልጋ ላይ ነው።

ይኸው ልማድ በመጻሕፍት አያያዝም ይታያል። ብራናው በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል ይጠረዛል፤ ማኅደር በሚባለው የቆዳ መያዣ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም በማንገቻው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ገበታው ብራናው በእርጥበት እንዳይጣመም ይጫነዋል፤ መስቀያው ደግሞ ከወለሉ እርጥበት፣ ከአይጥና ከምስጥ ያርቀዋል። በጣና ሐይቅ ደሴቶች፣ ዙሪያቸውን ውሃ በከበባቸው ገዳማት፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የቆዩ መጻሕፍት መገኘታቸው እንዲሁ የሆነ ነገር አይደለም። ከበስተኋላው የዕቃ ቤት ጠባቂዎች የዘወትር ድካም አለ።

ይህን ስል ያለፈውን ማሞገሴ እንዳይመስላችሁ። ያ ጢስ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ ጎድቷል። የሣር ክዳንም በእሳት ይጋያል፤ በየጊዜውም መለወጥ አለበት። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ከባድ ዕቃ ከወደብ ማስገባት ቀለለ፤ ቆርቆሮና ሲሚንቶም ውሎ አድሮ የከተማውን ቤት መልክ ለወጡ። ሰው ቆርቆሮን የመረጠው በቂ ምክንያት ስለነበረው ነው። ነገር ግን ቆርቆሮ በሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ከሥሩም ጤዛ ይቋጥራል። በእርጥብ አፈር ላይ ያለ መከላከያ የተነጠፈ ሲሚንቶ ውሃን ከታች ይስባል። ማድ ቤቱ ወደ ጓሮ ሲወጣ ጢሱ ከመኖሪያው ተለየ፤ ሙቀቱም አብሮ ወጣ። ቤቱ ተለወጠ፤ ቤቱ ሳይነገር ይሠራው የነበረውን ሥራ የሚተካ ልማድ ግን አብሮ አልመጣም።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። አያቴ የመሬት ግብር ደረሰኞቻቸውን በትንሽ የቆዳ ከረጢት ጠቅልለው ከጎጆው ምሰሶ ላይ ሰቅለው ኖረዋል። አባቴ የተማሩና ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። ከተማ ገብተው ቤት ሲሠሩ የራሳቸውን ደብዳቤዎችና ውሎች በፕላስቲክ ሸፍነው በብረት ሣጥን ቆለፉባቸው፤ ሣጥኑንም ከግድግዳው አስጠግተው በሲሚንቶው ወለል ላይ አኖሩት። ለዶክትሬት ጥናቴ ሰነድ ስፈልግ ሁለቱንም ከፈትሁ። የአያቴ ደረሰኞች ጠቁረዋል፤ ዳራቸውም ተበልቷል፤ ሆኖም ስሙ፣ ዘመኑና የገንዘቡ ልክ ይነበባል። የአባቴ ወረቀቶች ግን እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ አንድ ጡብ ሆነው ነበር። ፕላስቲኩ ውሃ እንዳይገባ ከልክሎ ሳይሆን የገባው እንዳይወጣ ዘግቶ አበሰበሳቸው። ስለ አያቴ አንድ ምዕራፍ መጻፍ ቻልሁ፤ ከእርሳቸው ይልቅ ብዙ ስለጻፉት ስለ አባቴ ግን የማውቀው በቃል የነገሩኝን ብቻ ነው።

ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት የነበረውን የገጠር ኑሮ ለማጥናት ከመዝገብ ቤት ያልተናነሰ ዋጋ ያላቸው ሰነዶች ዛሬም በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አሉ። ከእነርሱም መካከል በያንዳንዱ ክረምት የሚጠፋ አለ። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የቤት ሥራ ይህ ነው። ለዕረፍት ወደ ቤተሰባችሁ ስትሄዱ፣ አስፈቅዳችሁ ሣጥኑን ክፈቱ። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት፤ ከግድግዳውም አርቁት። ፕላስቲኩን አውጥታችሁ በንጹሕና ደረቅ ጨርቅ ወይም ወረቀት ተኩት። የሻገተውን ሰነድ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉት፤ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አድርቁት፤ ከደረቀ በኋላ ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። ቀለምና ፎቶግራፍ በቀጥታ ፀሐይ ስለሚደበዝዙ ፀሐይ ላይ አታስጧቸው። ለዚህ ሥራ ከጥቅምት የተሻለ ወር የለም። በመጨረሻም እያንዳንዱን ገጽ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ዋናውንም ለባለቤቱ መልሱ።

አያቶቻችን ጢስ፣ አየርና ከፍታ ነበራቸው። ጢሱን መመለስ አይገባንም፤ አየሩና ከፍታው ግን ዛሬም ዋጋ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ሣጥኑ ከመበስበሱ በፊት የሚከፍተው ሰው ብቻ ነው።