ሆድ ሞልቶ ድድ የደማበት ዘመን



በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ምግብ በሦስት ይከፈላል ተብለን ተምረናል፤ ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢና በሽታ ተከላካይ። ሦስተኛው ከስደተኛ ቀለብ ሲጎድል ምን እንደ ደረሰ ከታሪክ እንመልከት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1977–78ቱ የኦጋዴን ጦርነት በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ሶማሊያ ተሰደደ። አብዛኛው አርብቶ አደር ነበር፤ አትክልት እምብዛም ባይቀምስም ቪታሚን ሲን ከግመል ወተት ያገኝ ነበር። መጠለያ ሲገባ ግመሉ ቀረ፤ በምትኩ እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ተሰፈረለት። ኃይል ሰጪውም ገንቢውም ነበር፤ ተከላካዩ ግን አልነበረም። በ1982 ድድ ያብጥና ይደማ፣ መገጣጠሚያ ያም፣ እግርም አልታዘዝ ይል ጀመር። በሽታው ስከርቪ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ በምሥራቅ ሱዳን በነበሩት ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይም ታየ። በ1988 ደግሞ የሐርጌሳ ሰዎች ቦምብ ሸሽተው ሐርትሼክ ገቡ፤ ብዙም ሳይቆይ ያው በሽታ በኢትዮጵያ ምድር አገኛቸው።

ልብ በሉ፤ በሽታው ይበልጥ የጠናው በሴቶችና በአረጋውያን፣ በመጠለያውም ብዙ በቆዩት ላይ ነበር። ሰውነት ያከማቸው ሲያልቅ የሚተካው አልነበረምና።

በማላዊ የነበሩት የሞዛምቢክ ስደተኞች ዋና ቀለብ በቆሎ ነበር። በቆሎ ብቻውን በቂ ናያሲን አይሰጥም፤ ጉድለቱን የሚሞላው ኦቾሎኒ ነበር። ኦቾሎኒው ሲቋረጥ፣ በ1990 ከ18 ሺህ በላይ ሰዎች ፔላግራ ያዛቸው፤ ፀሐይ የሚነካው ቆዳቸው ጠቆረ፣ ተላጠም።

ከዚህ የምንማረው፣ በኪሎ የሞላ ስፍር ሁሉ የሞላ ምግብ አለመሆኑን ነው። ስለዚህ ከስንዴው ጥቂት ሸጦ ቃሪያና ቲማቲም የገዛን ሰው አባካኝ አንበለው፤ የጎደለውን ፍለጋ ነው የወጣው። እናቶቻችን በጾም የሚያዘጋጁት በቆልትም ትልቅ ጥበብ ነው፤ ያልተከካ ምስር ወይም አተር ተዘፍዝፎ ሲበቅል ቪታሚን ሲ ያወጣል፤ ብዙ ከተቀቀለ ግን ይጠፋል። ከማጠቢያው ውሃ አጠገብ ሁለት መደብ ጎመንና ቃሪያ መትከልም ይቻላል።

ድዱ የደማ ሰው ግን «ያልፋል» ብሎ አይቀመጥ፤ ክሊኒክ ይሂድ። ጎረቤቱም ደምቶ እንደሆነ አብሮ ይናገር። አንድ ሰው ሲናገር የአንድ ሰው ሕመም ነው፤ ሰፈር ሲናገር የቀለብ ጉዳይ ይሆናል።