ስለ መቅደስ መታደስ በዓልና ስለ ድንች ቂጣ

ወንጌላዊው ዮሐንስ በ10ኛው ምዕራፍ የሚያነሣው የመቅደስ መታደስ በዓል የተደነገገው፥ የማታትያስ ልጅ ይሁዳ አንጥያኮስ ያረከሰውን መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ164 ዓመት አንጽቶ በቀደሰው ጊዜ ነው። ታልሙድም ለአንድ ቀን የሚበቃ ዘይት ስምንት ቀን እንደ ነደደ ይናገራል፤ ስለዚህ አይሁድ በዚህ በዓል በዘይት የተጠበሰ ምግብ ይበላሉ።

ዛሬ በብዙዎቹ ማዕድ የሚቀርበው ላትኬ የተባለው ቂጣ ነው፤ ጥሬ ድንች ተፍቆ ከእንቍላልና ከሽንኵርት ጋር ተለውሶ ይጠበሳል። ነገር ግን የጥንት ሰዎች በኢየሩሳሌም ድንችን አያውቁትም ነበር። ከፔሩ ተራሮች ወደ አውሮፓ የገባው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው፤ የፕሩሲያ ንጉሥ 2ኛው ፍሬድሪክም እንዲተከል ያዘዘው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1756 ዓመት ነው። በፖላንድና በሊትዌንያ የድኻ ምግብ የሆነው ከዚያ ወዲያ ነው።

በመካከለኛው ዘመን የኢጣልያ አይሁድ የበዓሉን ቂጣ ከአይብ ይሠሩት ነበር። በሰሜኑ ብርድ አገር ግን ወይራ ስለማይበቅል በዘይት ፈንታ የዝይ ስብ ገባ፤ ሕጋቸውም ሥጋና ወተት እንዳይቀላቀሉ ስለሚከለክል አይብ በስብ ሊጠበስ አልተቻለም። ይህን ችግር የፈታው ርካሹ ድንች ነው። ጎረቤቶቻቸው ፖላንዳውያንና ቤላሩሳውያንም ያንኑ ቂጣ በሌላ ስም ይበሉታል።

ከ1939 እስከ 1945 በሆነው ጦርነት ከፖላንድ አይሁድ ሦስት ሚሊዮን ያህል ተገደሉ፤ ቂጣው ግን ወደ አሜሪካና ወደ እስራኤል በተሰደዱት ቤት ቀረ። እንግዲህ ድንቹ እንግዳ ነው፤ ስቡም ምትክ ነው፤ መታሰቢያው ግን ያው የቀደመው ነው። ድኻ ባገኘው ነገር በዓሉን ቢያከብር ሥርዐቱን ጠበቀ እንጂ አፈረሰ አይባልም።