ስለ ላቦራቶሪ መርዛማ ቆሻሻና ስለ ሕጉ አመጣጥ

ባለፈው ዓመት በላቦራቶሪ ውስጥ ቴርሞሜትር ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። እንደ ብር ዶቃ የተንከባለለውን ሜርኩሪ፣ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ጠርጌ ወደ መታጠቢያው ቧንቧ ሰደድሁት። ውሃው ያጠፋው መስሎኝ ነበር። የሚናማታን ታሪክ ካነበብሁ ወዲህ ግን ውሃ መርዝን እንደሚወስድ እንጂ እንደማያጠፋ ተረዳሁ።

ሚናማታ በጃፓን አገር፣ በክዩሹ ደሴት ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት። በዚያ ቺሶ የሚባል የኬሚካል ፋብሪካ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1932 ጀምሮ አሴታልዴሃይድ የተባለውን ኬሚካል በሜርኩሪ እየሠራ ፍሳሹን ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። መርዙ ወደ ዓሣው፣ ከዓሣውም ወደ በላተኛው ገባ። ድመቶች እየተንዘፈዘፉ ሞቱ፤ የዓሣ አጥማጆች ልጆችም መራመድና መናገር ተሳናቸው። የፋብሪካው ሆስፒታል ኃላፊ ዶክተር ሆሶካዋ በ1956 በሽታው ለጤና ባለሥልጣኖች እንዲታወቅ አደረጉ። በ1959ም ፍሳሹን ከምግብ ጋር ለአንዲት ድመት ቢሰጧት በዚያው በሽታ ተያዘች። ኩባንያው ግን ውጤቱን ሸሸገ፤ በሜርኩሪ የሚሠራውም ሥራ እስከ 1968 ቀጠለ። በሽተኞች መሆናቸው በመንግሥት የተረጋገጠላቸው ሰዎች ከ2200 ይበልጣሉ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ሕጉ የመጣው ከጉዳቱ በኋላ ነው። ጃፓን በ1970 ብክለትን የሚከለክሉ ሕጎች አወጣች። አሜሪካም በ1976 አደገኛ ቆሻሻ ከተፈጠረበት ጊዜ አንሥቶ እስኪወገድ ድረስ ቁጥጥር እንዲደረግበት ደነገገች፤ በ2008ም ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪዎች የተለየ ደንብ ጨመረች። በአገራችንም በእኛ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ስለ አደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090 ወጥቷል።

ለላቦራቶሪ የሚሆነው ደንብ በአጭሩ ይህ ነው፤ ቆሻሻው በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ ምንነቱና አደጋው በላዩ ይጻፍ፤ እርስ በርሱ የማይስማማ አይደባለቅ፤ መርዝ ወደ ቧንቧ አይፍሰስ። ብዙዎቻችን ይህን መምህራን እኛን ለማስጨነቅ ያወጡት ይመስለናል። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ቃል በስተኋላ የተጎዳ ሰው አለ።

የእኔ ጠብታ ከፋብሪካው ፍሳሽ ጋር በመጠንም በዓይነትም አይተካከልም፤ ሐሳባችን ግን አንድ ነበር፤ ይኸውም ከዓይን የራቀ ነገር ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ያደረግሁትን ለኬሚስትሪ መምህሬ ነገርኋቸው። አልተቆጡኝም፤ ነገር ግን ክዳን ያለው ባዶ ጠርሙስ ሰጥተው «ለሚቀጥለው፣ ስሙን አንተው ጻፍበት» አሉኝ። ጻፍሁበት፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች በመደርደሪያው ላይ ያገኙታል።