ሞዴል ፈተና እንደ መማሪያ፦ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ዝግጅት በድሬዳዋ

ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያመለክት ሰው ብሔራዊውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። በ2015 ከተጀመረው የመውጫ ፈተና በተለየ ይህኛው በዋናነት የሚለካው የቋንቋ፣ የስሌትና የማመዛዘን ችሎታን ነው። ድሬዳዋ ላይ ከሥራ ሰዓት በተረፈችው ምሽት ለሚያጠና መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ ጊዜው አጭር ነው። ብዙ ጊዜ ታዲያ ንባቡ ይቀድማል፤ ሞዴል ፈተና ውጤት ለመገመት ብቻ በመጨረሻው ሳምንት ይመጣል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት፤ ሞዴል ፈተና ከመለኪያነቱ ይልቅ መማሪያነቱ ይበልጣልና።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡ፤ ከሌላው ግን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ድጋሚ ማንበብ 81 ለ75 በመቶ በለጠ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ መጻፍ 56 ለ42 በመቶ መራ። ድጋሚ ማንበብ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው፤ የዛሬው ቅለት የነገ ዕውቀት ይመስላል። ቄስ ትምህርት ቤትም ሆነ ቁርኣን ቤት ልጁ ትምህርቱን መያዙ የሚረጋገጠው ለመምህሩ በቃሉ ሲያሰማ መሆኑ ከዚህ ግኝት ጋር ይስማማል።

ጥናቱ የሚናገረው ስለ ማስታወስ እንጂ ስለ ማመዛዘን አይደለም የሚል ተቃውሞ ቢነሳ ተገቢ ነው። ለማመዛዘን የሞዴል ፈተና ጥቅም ስሕተትን አደባባይ ማውጣቱ ነው። ለምሳሌ፣ በድሬዳዋው ታይዋን ገበያ 1,000 ብር የነበረ ጫማ ዋጋው በ20 በመቶ ጨምሮ፣ ቆይቶ በ20 በመቶ ቢቀንስ ስንት ይሆናል? ቸኩሎ «1,000» ያለ ተፈታኝ ትክክለኛው መልስ 960 መሆኑን ሲያይ፣ የሁለተኛው 20 በመቶ መነሻ 1,200 እንደሆነ ይገባዋል። ማብራሪያውን ብቻ ያነበበ ሰው ግን «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ብሎ ያልፋል።

በቴሌግራም የሚዞሩ የጥያቄ ስብስቦች ሽምደዳን ያበረታታሉ፣ መልሳቸውም አይታመንም የሚለው ሥጋት እውነት ነው። ምርጫ ያለው ጥያቄ ያለ እርማት ከቀረ የተሳሳተው መልስ ራሱ አእምሮ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሞዴል ፈተናን መተው ሳይሆን እያንዳንዱን ስሕተት ምክንያቱ እስኪታወቅ መመርመር፣ ከቀናት በኋላም የዚያኑ ዓይነት አዲስ ጥያቄ መሞከር ነው። አሥር ፈተና ሠርቶ ውጤት ከመቁጠር ሦስቱን በዚህ መንገድ መጨረስ ይሻላል።

የቀረው ጥያቄ የፍትሕ ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ እያሰበ በእንግሊዝኛ የሚፈተን፣ የራሱ ኮምፒውተር የሌለው አመልካች ዝግጅቱን ብቻውን ሊወጣው አይገባም። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራዎቹን በምሽትና በቅዳሜ ከፍቶ፣ በመምህራኑ የተዘጋጁ ጥያቄዎችን ከነማብራሪያቸው በነጻ ቢያቀርብ፣ በፈተናው የሚታየው ልዩነት ከገንዘብ አቅም ይልቅ የችሎታ ይሆናል።