አጭርና የማይረሳ የድረ ገጽ ስም ለአነስተኛ ንግድ

የዶሜይን ስም ማለት አንድ ድረ ገጽ በኢንተርኔት የሚገኝበት አድራሻ ነው። ኮምፒውተሮች የሚፈላለጉት በቁጥር ነው፤ ሰው ግን ቁጥር ስለሚረሳ፣ ስምን ወደ ቁጥር የሚመራው ሥርዓት በ1983 እ.ኤ.አ. ተዘጋጀ። በነጥቦች መካከል ያለው ስም እስከ 63 ፊደል ሊረዝም ይችላል። ለአነስተኛ ሱቅ ግን አጭሩ ይሻላል፤ ደንበኛ አድራሻውን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከሰው አፍ ነውና።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለብን። «ቅመም» የሚለውን በላቲን ፊደል አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፈዋል። በተሳሳተው ፊደል የገባ ደንበኛ የሌላ ነጋዴ ገጽ ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ያለው ስም ምረጡ፤ ካልተቻለ ሁለቱንም አስመዝግቡ። ስሙን ለወዳጃችሁ በስልክ ንገሩት፤ ሳይጠይቅ በትክክል ከጻፈው ጥሩ ስም ነው።

ስሙ ለተወሰነ ዘመን የሚያዝ ስለሆነ በጊዜው ይታደስ። በባለሙያው ሳይሆን በራሳችሁ ስም ይመዝገብ፤ አለዚያ ስትለያዩ ስሙ በእርሱ እጅ ይቀራል።

ወገኖች ሆይ፣ በምሳሌ 22፥1 የተነገረለት መልካም ስም ግን በገንዘብ አይመዘገብም፤ በታማኝ ሚዛን ይገኛል። ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።